ከበረሃው ዐይጥና ከወንዙ ቀንድ አውጣ የማን ድካም ይበልጣል?

ሰው በአድናቆቱ አድልዎ አያጣም። የበረሃ እንስሳ ያለ ውኃ እንደሚኖር የሰማ ሁሉ «አቤት የፈጣሪ ጥበብ!» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። በወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚውለውን ቀንድ አውጣ ያየ እንደ ሆነ ግን ረግጦት ያልፋል፤ ቢበዛም «ይህ ደግሞ ምን ሥራ አለው?» ይላል። ይህም የሆነው ችግርን የምንለካው በማጣት ብቻ ስለ ሆነ ነው። ውኃ ያጣው ተቸገረ፣ ውኃ መካከል የተቀመጠው ደላው እንላለን። በዛሬው እሑድ ከአንባቢ ጋር ልከራከርበት የፈለግሁት ነገር ይኸው ነው። በበኩሌ የቀንድ አውጣው ድካም ከበረሃው ዐይጥ ድካም አያንስም ባይ ነኝ። ይህንንም አለማወቃችን ለጨዋታ ያህል ብቻ የሚነሣ ጉዳይ አይደለም፤ በብዙ አገር የሕፃናት ጤና ተከፍሎበታል። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በዐይጡ እንጀምር። በሰሜን አሜሪካ ምድረ በዳ ካንጋሩ ዐይጥ የሚባል አንድ ትንሽ እንስሳ አለ። ስሙን ያገኘው እንደ አውስትራሊያው ካንጋሩ በኋላ እግሮቹ እየዘለለ ስለሚሄድ ነው እንጂ ዝምድናስ የላቸውም። በአፍሪካ ቀንድ ቈላዎች የሚገኘው ጀርቦአ የተባለው ዘላይ ዐይጥም መልኩ ከእርሱ ጋር ይቀራረባል፤ ነገር ግን በሚገባ የተመረመረው የአሜሪካው ስለ ሆነ ስለ እርሱ መናገሩ ይሻላል።

ክኑት ሽሚት ኒልሰን የተባሉ ኖርዌያዊ ሊቅና ባለቤታቸው ቦዲል (እርሳቸውም በ1920 የኖቤል ሽልማት ያገኙት የዴንማርካዊው የአውጉስት ክሮግ ልጅ ናቸው) በ1940ዎቹ መጨረሻ ወደ አሪዞና በረሃ ወርደው ይህን እንስሳ መረመሩ። ካንጋሩ ዐይጥ አንድ ጠብታ ውኃ ሳይጠጣ ደረቅ ገብስ ብቻ እየቈረጠመ መኖር እንደሚችል አረጋገጡ። ታዲያ ውኃውን ከየት ያመጣዋል? ከሚበላው እህል ነው። እህል በሰውነት ውስጥ ከአየር ጋር ሲዋሐድና ሲቃጠል ውኃ ይወጣዋል። ሒሳቡም እንዲህ ነው። 100 ግራም ደረቅ ገብስ እንስሳውን አራት ሳምንት ያህል ያቈየዋል። ከዚህ ገብስ መቃጠል 54 ግራም ውኃ ይገኛል፤ ከእህሉ ጋር የነበረው እርጥበት ደግሞ 6 ግራም ይጨምራል። ከዚህ ከ60 ግራም ውስጥ 44 ግራም ያህሉ በትንፋሽና በቈዳ፣ 13 ግራም ተኩል ያህሉ በሽንት፣ 3 ግራም የማይሞላው በኵሱ ይወጣል። ገቢና ወጪው እኩል መጣ ማለት ነው። ጠንቃቃ የተባለ ባለ ሱቅ እንኳ መዝገቡን እንዲህ አድርጎ መዝጋቱ ያጠራጥራል።

ወጪው እንዲህ ሊያንስ የቻለው በኩላሊቱ ምክንያት ነው። በኩላሊቱ ውስጥ እየታጠፉ የሚመለሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ከሰውነቱ መጠን ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ረዣዥም ስለ ሆኑ፣ ሽንቱ ከመውጣቱ በፊት ውኃው ተጨምቆ ወደ ደሙ ይመለሳል። የሰው ሽንት ቢወፍር ቢወፍር ዩሪያ የተባለው ቆሻሻ ከመቶ 6 እጅ ያህል ቢሆን ነው፤ የካንጋሩ ዐይጥ ግን እስከ 23 እጅ ይደርሳል። ሁለቱ ሊቃውንት እንስሳውን ለመፈተን ብዙ ዩሪያ የሚያመነጨውን አኩሪ አተር አብልተው የባሕር ውኃ አጠጡት። ሰው የባሕር ውኃ ቢጠጣ ጨውን ለማስወጣት ከጠጣው የበለጠ ውኃ ከሰውነቱ ስለሚያወጣ ጥሙ ይብስበታል እንጂ አይረካም። ዐይጡ ግን ጠጥቶ ኖረ። ከዚህም በቀር ቀኑን በጕድጓዱ ውስጥ ውሎ የሚወጣው በሌሊት ነው፤ የአፍንጫውም ውስጥ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ከሳንባው የሚወጣው እርጥብ ትንፋሽ በመንገድ ጤዛ ሆኖ ይቀርለታል። ለአፍንጫው እንኳ ቈጣቢነትን ያስተማረ እንስሳ ነው። እኔም አደንቀዋለሁ፤ በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም።

አሁን ደግሞ ወደ ወንዙ እንውረድ። ቀንድ አውጣ ስሙ ራሱ ትእዛዝ ይመስላል፤ ቀንዱን ከማውጣትና ከመክተት በቀር ሥራ የሌለው ሆኖ የታየው ምናልባት በዚህ ይሆናል። በጣፋጭ ውኃ ውስጥ ለሚኖረው ቀንድ አውጣ ግን ሥራ ፈትቶ ማደር ማለት ሞት ነው። ነገሩን ለመረዳት አንድ የተፈጥሮ ሕግ ማስታወስ ይበቃል፤ ይኸውም ሽፋን በሚለያቸው በሁለት ወገኖች መካከል ውኃ ዘወትር ወደ ጨዋማው ወይም ወደ ጣፋጩ፣ ማለት የተሟሟ ነገር ወደሚበዛበት ወገን መሄዱ ነው። ይህን ሕግ ትምህርት ቤት ያልገቡትም ሳይቀሩ ያውቁታል። ቋንጣ የምታዘጋጅ ሴት ጨው ስትነሰንስበት ሥጋው ውኃውን እያወጣ ይደርቃል። ለቅዳሴ የሚዘፈዘፈው ዘቢብ ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል።

እንግዲህ የወንዙ ቀንድ አውጣ ዕድሜ ልኩን የተዘፈዘፈ ዘቢብ ማለት ነው። የደሙ ጨው ከሰው ደም ጨው ከግማሽ ያነሰ ቢሆንም ከወንዙ ውኃ ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ውኃው ሌሊትና ቀን በለስላሳ ገላው በኩል ሳይጠራ ይገባበታል። ካላወጣው አብጦ ይሞታል። በሚያወጣበትም ጊዜ ጨዉ አብሮት እንዳይሄድበት ኩላሊቱ ጨዉን እየለቀመ ማስቀረት አለበት። ይህም ሆኖ ጥቂት ጥቂት ጨው ማምለጡ አይቀርም፤ ያመለጠውንም ጨው አለው ከማይባለው ውኃ ውስጥ በገላው እየፈለገ እንደ ገና ይሰበስባል። ታንኳው ቀዳዳ ሆኖበት ሌሊቱንም ቀኑንም በቅል ውኃ እየጨለፈ የሚያፈስ፣ በሚያፈሰውም ውኃ ውስጥ ንብረቱ እንዳይሄድበት ዐይኑን የማይነቅል ሰው ቢኖር የቀንድ አውጣው ኑሮ ይህን ይመስላል። ዐይጡ ውኃውን አስቀርቶ ጨዉን ይጥላል፤ ቀንድ አውጣው ጨዉን አስቀርቶ ውኃውን ይጥላል። ሥራው አንድ ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተለየ። አንዱን ጀግና ብለን ሌላውን ሰነፍ የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።

እንዲያውም ልጨምርበት። ቡሊነስ ከተባሉት የወንዝና የኩሬ ቀንድ አውጣዎች አንዳንዶቹ ኩሬው ሲደርቅ በጭቃው ውስጥ ተቀብረው ወራት ይቈያሉ፤ ዝናብ ሲመጣም ተነሥተው ይራባሉ። ለመራባትም ጓደኛ የግድ አያስፈልጋቸውም፤ እያንዳንዱ ወንድም ሴትም ስለ ሆነ አንድ ብቻውን የተረፈ ኩሬውን ሊሞላው ይችላል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው መትረፍረፉንም ማጣቱንም ችሎ ሲያልፍ ታየ። የበረሃው ዐይጥስ መትረፍረፍን ይችላል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ሌላ የበረሃ ዐይጥ ነው። ከሰሜን አፍሪካ እስከ ዐረብ አገር የሚገኝ የአሸዋ ዐይጥ የሚባል አለ። እርሱስ እንደ ካንጋሩ ዐይጥ ደረቅ እህል አይበላም፤ ምግቡ ጨዋማ የበረሃ ቅጠል ነው፤ በቅጠሉ ላይ ያለውንም ጨው በጥርሱ እየፋቀ ይጥላል። ሽሚት ኒልሰን ከግብፅ በረሃ ያመጧቸውን የአሸዋ ዐይጦች አሜሪካ ውስጥ ማንኛውም የላቦራቶሪ ዐይጥ የሚመገበውን የተዘጋጀ መኖ እንዲመገቡ አደረጓቸው። መኖው ለሌሎቹ ዐይጦች የሚስማማ ነበር። የአሸዋ ዐይጦቹ ግን ወፈሩ፣ የስኳር በሽታ ያዛቸው፣ ዐይናቸውም በሞራ ተጋረደ። ይህ በ1964 ታትሞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የአሸዋ ዐይጥ የስኳር በሽታ ለሚመረምሩ ሊቃውንት ተፈላጊ እንስሳ ሆኗል። ድርቅን አሸንፎ የኖረ እንስሳ በሞላ ገበታ ተሸነፈ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ የእንስሳት ነገር ነበር። የሰው ነገር የሚገባበት ሰው በረሃውን ለማልማት ውኃ በሚያመጣበት ጊዜ ነው።

በካሊፎርኒያ ሳን ዋኪን የሚባል ደረቅ ሸለቆ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በትልልቅ ቦዮች ውኃ መጥቶለት በዓለም ከታወቁት የእርሻ አገሮች አንዱ ሆነ። በዚያ ሸለቆ የነበሩት ካንጋሩ ዐይጦች ግን መሬታቸው ስለ ታረሰና ስለ ጠጣ እየመነመኑ ሄዱ፤ ግዙፉ ካንጋሩ ዐይጥ በ1987፣ ቲፕተን የሚባለውም በ1988 በአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት መካከል ተጻፉ። የፀሐዩን ቃጠሎና የውኃ ጥሙን የቻለ እንስሳ የእኛን ውኃ ሊችል አልቻለም። ለዐይጥ የሚያለቅስ ሰው ብዙ አይገኝምና በዚህ ላይ አልቈይም። የሚያሳስበኝ ዐይጡ በሚወጣበት ጊዜ በሌላ አገር ማን እንደሚገባ ነው።

የሴኔጋልን ወንዝ እንይ። ከ1986 በፊት በበጋ ወንዙ ሲያንስ የባሕሩ ጨዋማ ውኃ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይገባ ነበር። ገበሬው በጨዉ ተማሯል፤ ስለዚህ በወንዙ አፍ አጠገብ የድያማ ግድብ ተሠራና ጨዋማው ውኃ ከመግባት ታገደ። ግድቡ የታሰበለትን ሥራ ሠርቷል፤ ሩዝና ሸንኮራ አገዳ በቀለ። ነገር ግን ከላይ እንዳልነው ጣፋጭ ውኃ የለመደ ቀንድ አውጣ ጨዋማ ውኃ አይስማማውም። ለገበሬው ጠላት የነበረው ጨው ለካ ዘበኛም ኖሯል። ጨዉ በቀረ ጊዜ በቦዮቹ ውስጥ ባዮምፋላሪያ የሚባለው ቀንድ አውጣ ተራባ፤ በ1988 በሪሻር ቶል፣ በስኳር ፋብሪካው ከተማ፣ የሆድ ቢልሃርዚያ ታየ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም በአካባቢው ከተመረመሩት ሰዎች አብዛኞቹ ተይዘው ተገኙ። ውኃ ወዳድ የሆኑ ሌሎች ዐይጦችም በቦዮቹ ዳር ሲኖሩ ይኸው የቢልሃርዚያ ትል ተገኝቶባቸዋል።

ቢልሃርዚያ እንዴት እንደሚተላለፍ ብዙዎች ስለሚያውቁት በአጭሩ ልለፈው። ከበሽተኛው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር የወጣው የትሉ እንቍላል ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፤ ከሳምንታት በኋላ ብዙ ሺሕ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያም የሚታጠበውን፣ የሚሻገረውን፣ ውኃ የሚቀዳውን ሰው ቈዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣውን ክፉ ለማለት አልችልም። ትሉ የገባበት ቀንድ አውጣ እንቍላል መጣል ያቆማል፣ ዕድሜውም ያጥራል፤ እርሱም በሽተኛ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ለዚህ በሽታ መከላከያ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ251 ሚሊዮን እንደሚበልጡ አስታውቋል። ከነዚህም ብዙዎቹ በውኃ ዳር የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለጐርፍ ብቻ አይደለም።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ሲጀምር የአዋሽ ውኃ በቦይ ተጠልፎ አገዳውን አጠጣ፤ ከጊዜ በኋላም በወንጂና በመተሐራ እርሻዎች ቢልሃርዚያ መኖሩን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ስኳሩን ሁላችንም በሻያችን ቀምሰነዋል፤ በሽታው ግን የቀረው ቦይ ውስጥ ገብቶ ከሚሠራው ሰውና ከልጆቹ ዘንድ ነው።

መድኃኒቱን በመፈለግ በኩልም አገራችን ወደ ኋላ አልቀረችም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ የቀንድ አውጣዎችን አኗኗር ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶቻችን ስንት ዘመን ነጠላ ሲያነጡበት የኖሩት እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ ሆኖ ተገኘ። በእንዶድ ውስጥ ያለው አረፋ የሚያወጣ ነገር የሕዋስን ሽፋን ያፈርሳል፤ ውኃ በየሰዓቱ ሊያጥለቀልቀው ለሚታገል እንስሳ ደግሞ ሽፋኑ ከፈረሰበት ምን ቀረው? ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ከተማ ወንዞች እንዶድ ሲጨመር ቈይቶ በሽታው በግማሽ ያህል ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ግን እንዶዱ በሌላ አገር ላቦራቶሪ እንደ ገና ይመርመር እየተባለ ዓመታት አለፉ፤ አክሊሉም በዚህ ማዘናቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997 ዐረፉ። ሽልማቱ የሚያኰራ ነው። ይሁን እንጂ ሽልማት ቦይ አይጠርግም።

«እንግዲያስ ግድብ አይሠራ፣ መስኖ አይጠለፍ ልትል ነው?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አላልኩም። ድርቅ ልጆችን ሲገድል ያየ አገር ውኃ አያስፈልግም ቢባል ማን ይሰማል? የምለው ሌላ ነው። በረሃ ስናለማ የምንቈጥረው የጐደለውን ብቻ ነው፤ ስንት ሄክታር አልጠጣም፣ ስንት ኩንታል አልተመረተም እንላለን። ይህም የዐይጡ ሒሳብ ነው። ውኃው በደረሰ ማግስት ግን የምንኖረው በቀንድ አውጣው አገር ነውና የእርሱም ሒሳብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በመሐንዲሱ ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። ለቦይ ሠራተኛ መንደር ሽንት ቤትና ንጹሕ የቧንቧ ውኃ፣ ለልብስ ማጠቢያ ከቦዩ የተለየ ገንዳ፣ ለመሻገሪያ ድልድይ፣ ለትምህርት ቤት ልጆች በየጊዜው መድኃኒት ከሲሚንቶውና ከብረቱ ጋር በአንድ መዝገብ ይግባ። «ይህ የጤና ሚኒስቴር ሥራ ነው» ተብሎ ለሌላ ዓመት በጀት የሚተላለፍ ከሆነ፣ ቀንድ አውጣው በጀት አይጠብቅም፤ አንዱ ብቻውን ኩሬ እንደሚሞላ ተናግረናል።

ለመድኃኒቱ ብቻ መተውም አይበቃም። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ትሉን ከሰውነት ያጠፋል፤ ልጁ ግን በማግስቱ ወደዚያው ቦይ ቢወርድ እንደ ገና ከመያዝ አያድነውም። ከክኒኑ ጋር የውኃውን ዳር ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ይህም ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ አለመሆኑን ያሳዩን እነዚያው ሴኔጋላውያን ናቸው። በወንዛቸው ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚበላ ትልቅ የወንዝ ሽሪምፕ ነበር፤ ለመራባት ወደ ጨዋማው ውኃ መውረድ ስላለበት ግድቡ መንገዱን ዘጋበት። ተመራማሪዎች ይህን ሽሪምፕ መልሰው ወደ አንድ መንደር የውኃ ዳር ሲያስገቡት ቀንድ አውጣውም በሽታውም መቀነሱን በ2015 ጻፉ። በ2023 ደግሞ ሌላ ውጤት ታተመ። ሰዎች ውኃ በሚቀዱበትና በሚታጠቡበት ቦታ የሚበቅለውን፣ ቀንድ አውጣው የሚጠለልበትን የውኃ ውስጥ አረም ከሥሩ እየነቀሉ ባወጡባቸው መንደሮች፣ መድኃኒት የወሰዱት ልጆች እንደ ገና የሚያዙት አረሙ ካልተነሣባቸው መንደሮች ልጆች ባነሰ መጠን ሆነ። የተነቀለው አረም አልተጣለም፤ ከፊሉ ለእርሻው ማዳበሪያ ሆነ፣ ከፊሉን በጎችና ከብቶች በሉት። በእኛም ቦዮች አረሙ አለ፤ በጎቹም አሉ።